የልጆች ሥዕልና የእጅ ሥራ፦ የትኛውን ማስቀመጥ፣ የትኛውን መተው ይገባል?

ጥያቄ፦ የጀሞዋ እናት

ጤና ይስጥልኝ። ወላጆች፣ መምህራንና በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ ነው የምጽፈው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍልን ያጠናቀቀች ሲሆን ትንሹ ገና ኬጂ ነው። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ምድር ወለል ላይ በሚገኝ ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ አከራያችን ቤቱን ስለፈለገው ከእንቁጣጣሽ በፊት አንድ መኝታ ወዳለው ቤት እንዛወራለን። ሶፋውንና ቡፌውን ለመሸጥ መወሰን አልከበደንም፤ የከበደን ልጆቹ ባለፉት ዓመታት የሠሩት ሥዕልና የእጅ ሥራ ነው።

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ የዓመቱ ሥራ በፌስታል ታጭቆ ይመጣል፤ በዚያ ላይ እቤት የሚሠራው ይጨመራል። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያሉት ካርቶኖች ሞልተው የተረፈው አልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጧል። በውስጡ ታትመው የተሰጡና ቀለም የተቀቡ የፖም፣ የዓሣና የባንዲራ ሥዕሎች አሉ፤ ከእንቁላል መያዣ የተሠራ አባጨጓሬ አለ፤ በምስርና በመኮረኒ የተለበጠ ጎጆ ቤት አለ፤ ከጭቃ የተሠራች ላምም አለች። የምስሩ ጎጆ ነቅዟል። ግድግዳው በክረምት ስለሚያልበውም ከታች የነበሩት ወረቀቶች ጠርዛቸው ሻግቷል።

ከሁሉም መሐል አንዱን ልግለጽላችሁ። ልጄ አራት ዓመት ሲሆነው በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ የሣለው ነው፤ የተሣልሁት እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ ሁለት ዓይንና አንድ የሚስቅ አፍ፣ ከጆሮዎቼ ሥር የወጡ ሁለት ረጃጅም እጆች፣ ከአገጬ የጀመሩ ሁለት እግሮች። አንገትና ሆድ የሚባል ነገር የለኝም። ይህንን እንደማልጥለው ዐውቃለሁ፤ ለምን እንደማልጥለው ግን በቃል ማስቀመጥ ስላልቻልሁ፣ ለሌሎቹ የሚሆን መመዘኛ ላወጣ አልቻልሁም።

ባለቤቴ ሪፖርት ካርድና ሰርተፊኬት እናስቀምጥ፣ ሌላውን በስልክ ፎቶ አንስተን እንተወው ይላል። እናቴ ደግሞ የልጅ እጅ የነካው ነገር ከቤት አይወጣም ባይ ናት። እኔ በሁለቱ መካከል ነኝ። ለመሆኑ በምን መመዘኛ ነው የሚለየው? እንደ ጎጆው ያሉ ግዙፍ ነገሮች ምን ይደረጉ? ልጆቹስ በውሳኔው ውስጥ ምን ያህል ድርሻ ይኑራቸው? አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የኬጂ መምህርት

እኅቴ፣ ጥያቄሽ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከወላጆች የምሰማው ነው፤ ብዙዎች ግን እንደ አንቺ ፊት ለፊት አይጠይቁትም። ያንን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ያለውን ሥዕል የማትጥይበትን ምክንያት እኔ ልንገርሽ።

ልጆች ሰውን መሣል ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሚሥሉት ክብ ራስ ሲሆን እጅና እግሩ በቀጥታ ከራሱ ይወጣል። ይህ የአንቺ ልጅ ስሕተት አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያደርጉት ነው። የልጆችን ሥዕል በማጥናት የታወቀው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበው አከፋፈል ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውን ጊዜ የመሞነጫጨር፣ ከአራት እስከ ሰባት ያለውን ቅርጽ መፈለግ የሚጀመርበት፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያለውን ደግሞ ልጁ ለሰው፣ ለቤትና ለዛፍ የራሱን ቋሚ አሣሣል የሚያበጅበት ዘመን አድርጎ ከፍሎታል። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን በክፍሌ በየዓመቱ የማየው ነው። ዋናው ነገር ልጁ አንድ ቀን ሆድ ያለው ሰው ከሣለ በኋላ ወደ ቀድሞው አሣሣል እምብዛም የማይመለስ መሆኑ ነው። ያ ሥዕል ዳግመኛ ሊሠራ አይችልም። በአንጻሩ ቀለም የተቀባው የታተመ ፖም በክፍሉ ባሉት ልጆች ሁሉ ቤት ይገኛል፤ ልጅሽ የጨመረበት ነገር ቢኖር ቀዩን ቀለም ብቻ ነው።

ስለዚህ መመዘኛዬ ውበት አይደለም። በሥራው ላይ ልጁ ራሱ የወሰነው ነገር አለ ወይ? የሚለው ነው። እኛ መምህራን ለወላጆች ቀን ማሳያ ሲደርስ እጃችንን እናስገባለን፤ ቆርጠን እንሰጣለን፣ የተጣመመውን እናቃናለን። ጠርዙ በመቀስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ኮላው ከዳር ያልወጣ፣ ዓይኑ በትክክለኛው ቦታ የተለጠፈ አባጨጓሬ ካየሽ አብዛኛው የመምህሯ ሥራ ነውና ያለ ጸጸት ልትሰናበቺው ትችያለሽ። ኮላው የፈሰሰበትንና እግሩ አንድ ወገን ላይ ብቻ የተደረደረውን ግን ቆም ብለሽ እይው።

በአሠራር ደረጃ ደግሞ ከእያንዳንዱ የትምህርት ዘመን አንድ የሰው ሥዕል፣ ልጁ ስሙን በራሱ እጅ የጻፈበት አንድ ወረቀት፣ ማንም ሳያዘው ከልቡ የሣለው አንድ ወይም ሁለት፣ እንዲሁም አንድ ታሪክ ወይም የቤት ውስጥ ክስተት የሚያሳይ አንድ ብትመርጪ በቂ ነው። የሰው ሥዕሎቹን በዓመት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ብትደረድሪያቸው የምታይው ነገር የትኛውም ሪፖርት ካርድ የማይነግርሽ ነው፤ መቼ አንገት እንደመጣ፣ መቼ ጣቶች መቆጠር እንደጀመሩ፣ መቼ ሰማይና መሬት እንደተለያዩ ይታያል።

ልጁን ስትጠይቂው «ይህ ምንድን ነው?» አትበይው። ጥያቄው ሥዕሉ አልታወቀም ማለት ስለሚመስል ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። «ስለ ሥዕልህ ንገረኝ» በይውና የሚለውን ሳታርሚ በእርሳስ ከጀርባው ጻፊበት። ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ሙሉውን ጥቁር ያደረገውን ወረቀት «መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት» ብሎ አስረድቶኛል። ያ ዐረፍተ ነገር ባይጻፍ ወረቀቱ በመጀመሪያው ምደባ የሚወገድ ነበር።

ስለ ልጆቹ ድርሻ፦ ትንሹን ከሁለት ወይም ከሦስት አንዱን እንዲመርጥ አድርጊው፤ ሙሉውን ክምር ፊቱ ዘርግቶ ምረጥ ማለት ያደክመዋል። ሴት ልጅሽ ግን ዕድሜዋ ልጆች የልጅነት ሥዕላቸውን ማፈር የሚጀምሩበት ነው፤ የእውነት የሚመስል ሥዕል መፈለግ ስትጀምር የቀድሞውን ሁሉ ቀድጄ ልጣል ልትል ትችላለች። እንደዚያ ካለች ጥቂቱን አንቺ ዘንድ ሸሽገሽ ብታቆዪላት አይከፋም።

መልስ፦ የመዛግብት ሠራተኛ

ከመምህርቷ ጋር በመመዘኛው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ወረቀትና ሰነድ በመጠበቅ ሥራ ላይ ስለቆየሁ የእኔ መልስ የሚያተኩረው በአቀማመጡ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ በጥንቃቄ መርጦ ያስቀመጠውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ያገኘዋል።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። እርስዎ የተጠቀሙበት አልጋ ሥርና ግድግዳ ሥር በምድር ወለል ቤት ውስጥ ከሁሉም የከፋው ቦታ ነው። ወረቀት እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ በክረምት የሚያልበው ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ ካርቶን ውኃ ሳይነካው ይሻግታል። በአዲሱ ቤት ከወለል ከፍ ያለ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ይፈልጉ። የሻገቱትን ወረቀቶች ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሏቸው። ፀሐያማ ቀን ጠብቀው በጥላ ሥር ያናፍሷቸው፣ በደንብ ሲደርቁ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፏቸው፤ ሻጋታው ሥዕሉ ውስጥ ከገባ ግን ፎቶ አንስቶ ማስወገዱ ይሻላል፤ አንድ የሻገተ ወረቀት ሙሉውን ሳጥን ሊያበላሽ ይችላልና።

ቀጥሎ ስለ ቁሳቁሱ። እርሳስ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ይቆያል። ክሬዮን የሚባለው የሰም ቀለምም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሙቀትና ክብደት ሲያርፍበት ከላዩ ወዳለው ወረቀት ስለሚታተም በየመሐሉ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ማስገባት ያስፈልጋል። ማርከር ብርሃን ላይ ከተሰቀለ በፍጥነት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን በየጊዜው መለዋወጥ ወይም ፎቶ ኮፒውን መስቀል ይበጃል። ወፍራም የውኃ ቀለም የተቀባው ከተጠቀለለ ይሰነጠቅና ይረግፋል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጥ። ጋዜጣና እንደ ጋዜጣ ያለ ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ምክንያት ቢጫ እየሆነና እየተሰባበረ ይሄዳል፤ ለእንዲህ ያለው ፎቶው ከዋናው ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

አግራፍ፣ ስፒልና ላስቲክ ያውጡ፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ላስቲኩ ይቀልጥና ይጣበቃል። ፕላስተርም አይለጥፉ፤ ሙጫው ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቡናማ እድፍ ይተዋል። ብዙ ወላጆች ላሚኔት ማድረግን እንደ መጨረሻው ጥበቃ ያዩታል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሙቀቱ የሰም ቀለሙን ያቀልጠዋል፣ ፕላስቲኩም ከወረቀቱ ጋር አንድ ስለሚሆን ዳግመኛ ሊለያይ አይችልም። ሽታው ከሚከረፋው ለስላሳ ፕላስቲክ ይልቅ ጠንከር ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ኪስ ያለው ክላሰር ወይም ንጹሕ የወረቀት ፎልደር ይጠቀሙ።

ስለ ብዛቱ ሒሳብ እንሥራ። ተራ የኤ4 ወረቀት አንድ መቶው ሲደራረብ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ወረቀት ቢይዙና ይህንን ከኬጂ ጀምሮ ለ10 ዓመት ቢያደርጉ 200 ወረቀት ይሆናል፤ ቀለሙና መሐል የሚገባው ነጭ ወረቀት ተጨምሮ እንኳ በአንድ ወፍራም ክላሰር የሚያልቅ ነው። ስለዚህ የቦታ ችግር የሚመጣው ከማስቀመጥ አይደለም፣ ካለመምረጥ ነው። መጠኑን አስቀድሞ መወሰን ምርጫውን በእጅጉ ያቀልለዋል፤ አዲስ የሚገባው ከበዛ አሮጌው ይወጣለታል።

ፎቶውን በተመለከተ የባለቤትዎ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሥርዓት ይሁን። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ መሬት ላይ ይዘርጉ፣ ፍላሽ ያጥፉ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገው ከላይ ያንሱ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለም ጀርባውን ለብቻ ያንሱ። ስካነር ካገኙ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል። ምስሎቹ በስልክዎ ብቻ ከቀሩ ስልኩ የጠፋ ቀን አብረው ይጠፋሉ፤ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑሩ።

በመጨረሻም ስም፣ ዕድሜና ዓመተ ምሕረት። መምህርቷ ከጀርባ ይጻፍ ያሉትን አደራ አይዝለሉት። ኦንፊም ስለሚባል ልጅ ላንሳ። በ13ኛው መቶ ዘመን በሩሲያ ኖቭጎሮድ ከተማ የኖረ ሲሆን፣ ዕድሜው ስድስት ወይም ሰባት ሳይሆን እንደማይቀር ይገመታል። በበርች ዛፍ ልጣጭ ላይ ፊደል ሲለማመድ መሐል መሐል ላይ ሥዕል ይሥል ነበር። ልጣጮቹ አየር በማይገባው እርጥብ አፈር ተቀብረው ስለቆዩ እ.ኤ.አ. በ1956 በቁፋሮ ተገኙ። በአንዱ ላይ ልጁ ፈረስ ጋልቦ ጠላቱን በጦር ይወጋል፤ አጠገቡም የራሱን ስም ጽፏል። በሌላው ላይ አንድ አውሬ ሥሎ «እኔ የዱር አውሬ ነኝ» ብሎ ጽፎበታል። ከሰባት መቶ ዓመታት በኋላ ይህን ልጅ በስሙ የምንጠራው ስሙን ስለጻፈ ብቻ ነው። የአራት ዓመቱ ልጅዎ ስሙን አልጻፈም፤ ያንን እርስዎ ይጻፉለት።

መልስ፦ የጎንደሩ አባት

ከላይ የተሰጡት ምክሮች እጅግ ጠቃሚ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥያቄው «ማስቀመጥ ወይስ መጣል» በሚል ብቻ መቀመጡ አላረካኝም፤ ሦስተኛ መንገድ አለና። እርሱም መስጠት ነው።

እኛ ያደግንበትን እንቁጣጣሽ እናስታውስ። ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ለቀናት ሲሥሉ የሰነበቱትን ወረቀት ይዘው መስከረም 1 ቀን ማለዳ በየጎረቤቱ በር ይቆሙ ነበር። አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ፣ መልአክ፣ ፈረሱ ላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ይሣላል። ሰጪው እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ ተቀባዩ ሳንቲም ይሰጣል፣ ሥዕሉም ሳሎን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ልማድ ውስጥ የልጅ ሥዕል ገና ሲሠራ ጀምሮ ከቤት ሊወጣ የታሰበ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያማረው ለሚከበሩት ጎረቤት ይለያል። እናቶቻችን የሥዕል ክምር ያልነበራቸው ስለጣሉት ሳይሆን ሥዕሉ ሰፈሩ ውስጥ ተበትኖ ስለሚኖር ነው። አሁን አሁን በፎቶ ኮፒ የተባዛውን ገዝቶ ቀለም መቀባት መለመዱ ያሳዝነኛል፤ ልማዱ ግን ገና አልጠፋም፣ ልጆቻችንን መልሰን ልናስተምርበት እንችላለን።

እኅቴ፣ እናንተ ከእንቁጣጣሽ በፊት ከሰፈሩ ትለቃላችሁ። ልጆቹ ከክምሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ጎረቤት የሚስማማውን እየመረጡ፣ ከጀርባው ስማቸውን ጽፈው በየበሩ ይዘው ይሂዱ። ለጥበቃው፣ ለሱቁ ባለቤት፣ ቡና ለሚያጣጧችሁ በጎናችሁም ከላያችሁም ላሉት። ልጅሽ ለማን ምን እንደሚስማማ ስታስብ መመዘኛውን ራሷ ታወጣዋለች፤ የማትሰጠውንም ያኔ ታውቂዋለሽ፣ እጇ አልፈታም ይላልና። ለእናትሽም ትልቅ ድርሻ ይሰጣቸው፤ የልጅ እጅ የነካው ከቤት አይወጣም ላሉት እናት ወደ እርሳቸው ቤት ሲገባ እንደ ወጣ አይቆጠርም።

በአንድ ነገር ከመምህርቷ እለያለሁ። ሴት ልጅሽ የራሷን ሥዕል ልቅደድ ካለች መሸሸግ ተገቢ አይመስለኝም። ሥራው የእርሷ ነው። «ይህንን እኔ በጣም እወደዋለሁና ስጪኝ» ብሎ መለመን ይቻላል፤ ከሰጠችሽ ያንቺ ሆነ፣ ካልሰጠችሽ ግን የእርሷ ውሳኔ ይከበር። የልጅን ቃል በዚህ በትንሹ ያላከበርን በትልቁ ጉዳይ እንዴት ይታመንብናል?

ስለ ግዙፎቹ ባጭሩ፦ የእጅ ሥራ አብዛኛው ለጨዋታ የተሠራ ነው። የእኔ ልጅ ከሽቦ የሠራት መኪና ጎማዎቿ ቆርኪ ናቸው፤ መሪዋ ረጅም ሽቦ ሆኖ ቆሞ እየሮጠ ይነዳታል፤ መሪው ሲጠመዘዝ የፊት ጎማዎቹም ይዞራሉ። ይህቺን ሳጥን ውስጥ ብንከታት ሽቦ ናት። ስለዚህ እየነዳት በቪዲዮ ቀረጽነው፣ እንዴት እንደሠራትም በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ አደረግነው፤ ከዚያ በኋላ እስክትሰበር ተጫወተባት። ከግዙፎቹ የምታስቀምጡት በአንድ የጫማ ካርቶን የሚገባውን ብቻ ይሁን፤ ሌላውን ልጁ በእጁ እንደያዘው ፎቶ አንሱት፣ መጠኑም ዕድሜውም አብሮ ይታያል። የነቀዘውን ጎጆ ግን ወደ አዲሱ ቤት ይዛችሁ አትግቡ፤ ነቀዙ ወደ እህል ዕቃችሁ ይሻገራል።

መልስ፦ የሜሪላንዷ እናት

ልጆቼ አድገው ከቤት ስለወጡ ከሌላው ጫፍ ሆኜ ልጻፍ። እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ወረቀት ስለሚልክ ክምሩ ከእናንተም ይብሳል። እኔ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከሥዕሎቻቸው ጥቂቱን አዲስ አበባ ለሚኖሩት አያታቸው በሚጓዝ ሰው እልክ ነበር። መንገደኛ ሻንጣው 23 ኪሎ እንዳያልፍበት ስለሚጨነቅ ዕቃ መላክ ያስቸግራል፤ ወረቀት ግን አንዱ አምስት ግራም ያህል ስለሆነ ማንም እምቢ አላለኝም። እናቴ የደረሷትን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥና ፍራሿ ሥር ታስቀምጥ ነበር።

ልጄ ኮሌጅ ሲገባ ያስቀመጥሁለትን አንድ ሳጥን ሰጠሁት። ሽልማት ያገኘበትን ሥዕል አየት አድርጎ አለፈው። ብዙ የቆየው ቅዳሜ ቅዳሜ በሚማረው የአማርኛ ትምህርት ላይ የሣለውን የአያቱን ቤት ሲያይ ነው። አያቱን የሚያውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ስለ ቤቷ የነገርሁትን ከሚያየው ሰፈር ጋር አዋሕዶ ክብ የሣር ጎጆ ሥሏል፤ ጎጆው የጭስ ማውጫ አለው፣ በሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ያላት የፖስታ ሣጥን ቆማለች፣ ከላይ «የአያቴ ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ «ቤ» የተጻፈችው ወደ ግራ ዞራ ነው። እኔ ያንን ሥዕል ያስቀመጥሁት ለፊደሉ ብዬ ነበር። እርሱ ግን ያኔ የት እንደነበረ፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ አየበት።

ስለዚህ ስትመርጪ የኖራችሁበትን ዘመንና ቦታ የያዘውን አትለፊው። የምድር ወለሉ ቤታችሁ፣ የግቢው በር፣ የሰፈሩ ታክሲ ተራ ያለበት ሥዕል ካለ ከቤቱ ከወጣችሁ በኋላ ዋጋው ይጨምራል። የመብራት ደረሰኙም ራሱ የዚያ ቤት ምስክር ነው።

ለጎንደሩ ወንድሜ ደግሞ፣ ልጅ ልቅደድ ሲል መፍቀድ ተገቢ ነው ያልኸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያሳፈራትን ነገር በሃያ ዓመቷ ልትፈልገው ትችላለች። እኔ የመረጥሁት «አሁን አንወስን፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናቆየው» ማለትን ነበር፤ ሲያድር ብዙው ነገር ይበርዳል።

የጀሞዋ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሻችሁን ለባለቤቴም ለእናቴም አነበብሁላቸው። ሁለቱም የተስማሙት በጎንደሩ ወንድማችን ሐሳብ ነው፤ እናቴ ድርሻዋን ለመረከብ ቀን ቆርጣለች። የታተሙትን የቀለም ሥራዎች ዛሬውኑ ለየን፤ የልጆቹ ስምና የትምህርት ቤቱ ስም ያለበትን ጠርዝ እየቆረጥን አወጣን፣ ወረቀቱ ለቆሎ መጠቅለያ ሱቅ ስለሚደርስ ስማቸው በየመንገዱ እንዲዞር አልፈለግሁም። ለየልጁ አንድ ክላሰር ገዝተናል። በደረሰኙ ጀርባ ስላለው ሥዕል ልጄን «ንገረኝ» ብዬው ነበር፤ እጆቼ የረዘሙት «ከሥራ ስትመጪ እኔንም እኅቴንም አንድ ላይ ስለምታቅፊን ነው» አለኝ፤ እንዳለው ጽፌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የጭቃዋን ላም ልጄ ለማንም አልሰጥም ብላለች፤ በእሳት ያልተተኮሰች ስለሆነች ግን ከጎኗ ትቢያ ይረግፋል፣ አንዱ ቀንዷም ሊወልቅ ደርሷል። ምን ይደረግ?

የመዛግብት ሠራተኛ

እንኳን በዚህ ተስማማችሁ። ያልተተኮሰ ጭቃ ውኃ ካገኘው ተመልሶ ጭቃ ስለሚሆን በእርጥብ ጨርቅ እንዳትጠርጉት፤ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱለት። ቀንዱ ከወለቀ በትንሽ የእንጨት ኮላ መለጠፍ ይቻላል፤ ኮላው ውኃ ስላለው ግን ነጠብጣብ ብቻ ይበቃል፣ እስኪደርቅም ሳይነካ ይቆይ። ላሟን በካርቶን ውስጥ በቁሟ ሳይሆን በጎኗ አስተኟት፤ ከሥሯና ከዙሪያዋ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሙሉበት፣ በተለይ ከአንገቷና ከእግሮቿ ሥር ባዶ ቦታ እንዳይቀር፤ በዕቃ ማጓጓዝ ወቅት የሚሰበረው ሳይደገፍ የቀረው ክፍል ነው። ካርቶኑ ላይ «የሚሰበር» ብላችሁ ጻፉና በመኪናው ጭነት መሐል ሳትከቱት ልጅዎ ራሷ በእጇ ይዛው ትሂድ።